ጆሃንስበርግ ስንት ቀን ያስኬዳል?

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ መንገዱ ከተከፈተ ገና ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። አጠገቤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ነበረች። ሻንጣዋ መሀላችን ገብቶ ጉልበቴን ሲገዘግዘኝ፣ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ "የኔ እመቤት፣ እንዲህ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ከየት ነው?" አልኳት። ከባሕር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ ትለኛለች ብዬ ነው። "ከጆሃንስበርግ ነኝ እማማ፤ ቤተሰቦቼ ያሉት ወገዳ ነው፤ ዝናሽ እባላለሁ" አለችኝ። "እሰይ! እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ! መቼ ገባሽ ታዲያ?" "አሁን መግባቴ ነው። ትናንት ቁርሴን እዚያው በልቼ ነው የተነሣሁት።"

"ምን አልሽ?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ ግን ምንም እንዳላለች ሁሉ፣ ትናንት ማታ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ይኸው አሁን ከእናንተ ጋር፣ እያለች ታወራለች። "ቆይ ቆይ፣ ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ ስንት ነው የሚፈጀው?" "አምስት ሰዓት ከምናምን ነው።" "አምስት ቀን ማለትሽ ነው?" "ኧረ ሰዓት ነው እማማ!" ብላ ሳቀች። ከፊታችን የተቀመጡት ቄስ ዞር ብለው አይዋትና፣ "በመልአክ ክንፍ ካልሆነ በቀር ይህ አይሆንም" አሉ። ረዳቱም ከበሩ ሆኖ፣ "አባ፣ እኛ በዚች መኪና አምስት ሰዓት ብንሄድ ጎማ ስንቀይር ነው የምታገኙን" አለ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ብትሰማ ምን ትሆናለች? የመጣብኝ ይኸው ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ታላቅ እህቴ ናት። አርብ ገበያ፣ ከገበያው በላይ ያለው ዳገት ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት ቢባል ሐሰት የለበትም። የዚያን ቀንም የምሄደው እሷኑ ልጠይቅ ነበር። አንድ ልጅ አላት፤ ፈንታሁን ይባላል፤ ያለው ጆሃንስበርግ ነው። ከሄደ ወዲህ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ለምን አይመጣም ብሎ የሚጠይቃት ሰው ግን የለም፤ ምክንያቱን አገሩ ሁሉ ያውቀዋላ! ሩቅ ነው። በቃ፣ ሩቅ ነው።

ሩቅ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደነበረ የዛሬ ልጅ አይገባውም። በእኛ ጊዜ መንገድ የሚለካው በስንቅ ነበር። ሰው ሊሄድ ሲነሣ ሴቶቹ "የት ነው?" ከማለታቸው በፊት "የስንት ቀን ነው?" ነው የሚሉት፤ ገብሱ የሚቆላው፣ በሶው የሚፈጨው በዚያ ልክ ነውና። እኔ ለመምህርነት ሥልጠና ጎንደር የሄድኩ ጊዜ እናቴ በሶውን በስልቻ፣ ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ አባቴ በቅሎዋን እየሳበ ንፋስ መውጫ ድረስ ሸኘኝ። የለበስኩትን ዛሬም አልረሳውም። ልብስ ሰፊው ከወገቡ ላይ ሽንሽን ያወጣለት ሰማያዊ ቀሚስ፣ አናቴ ላይ የናይለን ሻሽ፣ እግሬ ላይ ቡና ዓይነት ኮንጎ ጫማ። ኮንጎው ፀሐይ ሲመታው እግሬን ቀቀለኝ፤ ግን ማን ያወልቃል! ከንፋስ መውጫ ኤንትሬ መኪና ላይ፣ ከእህሉ ጆንያ በላይ ተጭነን ነጎድን፤ ነፋሱ ሻሼን ሊወስድብኝ ሲታገል በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት። ደብረ ታቦር ስንደርስ ሹፌሩ "ወርዳችሁ እደሩ" አለን። ከማዶ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ባለቤቱ ቴፕ ሪከርደሩን መስኮት ላይ አስቀምጦ አንዱን ዘፈን እየመላለሰ ያጫውታል። ባትሪው ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ ወንድ ትሆናለች፤ ያኔ ባትሪውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ፣ ቤልቦተም ሱሪያቸው መሬት የሚጠርግ ጎረምሶች በሩ ላይ ተደግፈው "እቺ ደግሞ ከየት የመጣች ናት?" ይባባላሉ። ዓለም እዚያ ያለቀች መስሎኝ አለቀስኩ። የት? ደብረ ታቦር! ዛሬ ሰው ለአንድ ፊርማ ሄዶ የሚመለስባት ደብረ ታቦር።

ዓመቱ አልቆ ስመለስ ደግሞ የተደረገልኝን! መምጣቴን አንድ ነጋዴ ቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ ዘመድ አዝማዱ መንገድ ወጥቶ ጠበቀኝ። እቤት ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ናት እግሬን ያጠበችኝ፤ ጨው ባለበት ለብ ያለ ውሃ፣ ከጉልበቴ ጀምራ እስከ ጣቶቼ። "ይህን ሁሉ አገር ረግጦ የመጣ እግር!" እያለች ትስመዋለች። ለብዙ ቀን ጎረቤቱ "እንኳን አፈር ሳትሆኚ መጣሽ" እያለ ይጎርፍ ነበር። ጎንደር ደርሼ ስመለስ እኮ ነው!

ፈንታሁን የሄደው ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የዚያን ሰሞን ጎረምሳ ሁሉ ጂንሱን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ ንፋስ መውጫ ዋና መንገድ ላይ ይንጎማለል ነበር፤ አፉን ሲከፍት የሚያወራው ደግሞ ስለ ደቡብ አፍሪካ ነው። አንድ ጓደኛው "ሱቅ ተከፍቶ ይጠብቀናል" አለው፤ አባቱን በሬ አሸጠና ተነሣ። እናቱ ስንቅ ልትሰንቅ "የስንት ቀን ነው?" ብትለው "እኔ እንጃ" አላት። ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ስንቁ የማይታወቅ መንገድ ሰምታ አታውቅማ! ስልቻው አፉ አልታሰር እስኪል ድረስ ሞላችለት። ከዚያ ጭጭ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ሞቷል ብለን እርማችንን ልናወጣ ስንል በሌላኛው መስከረም ንፋስ መውጫ ቴሌ ደውሎ አስጠራን። እኔ ነኝ ይዣት የሄድኩት። የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የሄደበትን አገር አንድ በአንድ ሲቆጥርላት ሰማችው፤ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፤ የታሰረበትን፣ ጫካ ያደረበትን፣ የእግር ጥፍሩ ረግፎ ጓደኛው የተሸከመበትን። ያን ቀን የሰማችውን አገር ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው። ማኅበር ላይ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ "ልጅሽስ?" የሚል ሰው አፉን ሳይከፍት እሷ ትጀምራለች፤ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛንያ... የሚሰማው ሰው ራሱ ይደክመዋል።

ባሏ ጋሼ ሞላ ያረፈ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሬሳው ለልጁ ይቆይለት ወይ ብለው ሲነጋገሩ አንዱ፣ "ሲሄድ ዓመት የፈጀ ሰው ሲመለስ ስንት ሊፈጅ ነው?" አለ። ሁሉም "እውነት ነው" አሉና በዚያው ቀን ተቀበረ። ማንም ሞኝ አልነበረም፤ እኛ የመንገድን ርዝመት የምናውቀው በሄደበት ሰው እግር ነው። ፈንታሁንም ሲደወልለት "ምን ላድርግ፣ ሩቅ ነው፣ ሩቅ ነው" እያለ አለቀሰ፤ እኛም ሟቹን ትተን ለእሱ አለቀስን። አውሮፕላን ፈጣን መሆኑን እኔም አጥቼው አይደለም። የአገራችንን የጋይንትን ሰማይ በነጭ መስመር እየከፈለ ሲያልፍ ሳይ ነው ያረጀሁት። ግን ጆሃንስበርግን ለሚያህል አገር ቢፈጥን ቢፈጥን ሳምንት ይበቃዋል ባይ ነበርኩ፤ ሀ ሁ ሳስቆጥር ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ማን ነግሮኝ! አምስት ሰዓት! እኔ ከአርብ ገበያ ተነሥቼ ባሕር ዳር እስክገባ፣ መኪና ጥበቃው ሲታከልበት፣ ከዚያ ይበልጥብኛል እኮ!

እዚያው መኪና ውስጥ ዝናሽን ክንዷን ይዤ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ። "ምናልባት የመኖሪያ ወረቀት የለውም ይሆናል እማማ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ከወጣ ተመልሶ አይገባም፤ ብዙ ሰው በዚህ ነው የቀረው" አለችኝ። "ወረቀቱንማ ካገኘ ስንት ዓመቱ! ያገኘ ጊዜ እህቴ ጠላ ጠምቃ፣ ቄስ ጠርታ ደግሳለታለች። ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ!" ዝናሽ ቀስ ብላ፣ "እንግዲያውስ መምጣት ይችል ነበር" አለች።

አርብ ገበያ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል፤ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና የለም። እንግዳ ሜዳ ላይ ጥዬ ልሂድ? አይሆንም። "እህቴ ዘንድ ታድሪያለሽ። ግን በእናትሽ፣ ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት በያት። ጆሃንስበርግ የምትባል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ" አልኳት። "እሺ፣ ምን ገዶኝ" አለች። ተንኮልም አይደል፤ የእህቴን ልብ ላድን ነው። እሷ ልጄ ትቶኛል ብላ አታውቅም። ልጇን የወሰደባት መንገዱ ነው። መንገዱን ከወሰድንባት ምን ይቀራታል?

እትዬ ጥሩወርቅ እንግዳ ካየች ሕመሟን ሁሉ ትረሳለች። ገና ከመግባታችን "ውሃ! የመንገደኛ እግር ሳይታጠብ!" አለች፤ አዛዥም እሷ፣ ታዛዥም እሷ። ይህ ወግ እኛ ንፋስ መውጫ ከቀረ ቆይቷል፤ እኔ ራሴ ለእንግዳዬ የቧንቧውን አቅጣጫ ነው የማሳየው። እሷ ግን እንግዳ ራሱን ሲያጥብ ማየት አትወድም። ዝናሽ "ኧረ በእግዚአብሔር፣ ይተዉ እማማ፣ እኔው እታጠባለሁ" እያለች ተንደፋደፈች። "ዝም በይ! ቤቱ የእኔ ነው!" ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ለብ ያለውን ውሃ በገበቴ አቀረበች፣ ጨው ጣል አደረገችበት፣ ያንን የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ ከእግሯ ሥር ተንበረከከች። ስታሻት፣ ስታሻት፣ የዝናሽ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" "አይ፣ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም እኮ። ጆሃንስበርግ እንኳን እግር የሚያጥብ፣ ደኅና አደርሽ የሚልም..." አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ምን ዋጋ አለው፤ ወጣ።

እህቴ ቀና አለች። "የት አልሽ?" እኔ ጣልቃ ልገባ አፌን ስከፍት እሷ ፊቷ በርቶ፣ "የኔ ፈንታ ያለበት? ከልጄ አገር ነው የመጣሽው?" ብላ የዝናሽን እርጥብ እግር አንሥታ ሳመችው። ስማው ግን አልለቀቀችውም። ገልበጥ አድርጋ ውስጡን አየች። ተረከዟን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለየች ጥፍሮቿን ተመለከተች። እኔ ከላይ ቆሜ አያታለሁ።

"ልጄ፣ ይህ እግር መንገድ አላየም" አለች።

"እትዬ፣ ልጅቱ ደክሟታል፣ እህል ትቅመስ" አልኩ። ማን ሰምቶኝ! "የፈንታ እግር ጥፍሩ ረግፎ ነው እዚያ የደረሰው። አንቺ መቼ ነው የተነሣሽው?" ዝናሽ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች። "ምን እሷን ታያለሽ? እኔን እዪኝ! በማርያም ይሁንብሽ፣ መቼ ተነሣሽ?" በማርያም ከተባለ በኋላ የእኛ አገር ሰው ምን መድረሻ አለው? "ትናንት" አለች ዝናሽ። "ትናንት ነው የተነሣሁት። አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ነው እማማ።"

እህቴ እግሩን ቀስ አድርጋ ፎጣው ላይ አስቀመጠችው። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞራ፣ "ከዚህ አዲስ አበባስ ስንት ነው?" አለችኝ። "ያው በአውቶቡስ ከነጋ እስኪመሽ ነው፤ አንዳንዴም ማደር አለው።" "እንግዲያው ልጄ ለአዲስ አበባ ከእኔ ይልቅ ይቀርባል?" ምን ልበላት! "ሞላን የቀበርን ጊዜ ይደርስ ነበር?" እኔ ገበቴውን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። "ተናገሪ እንጂ! አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?" "ብናቆይለት ለቀብሩም፣ ባይሆን ለሠልስቱ ይደርስ ነበር" አልኩ። ስናገረው ራሴው ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

"ደውዪልኝ" አለች። "ነገ ረጋ ስትዪ..." "ደውዪ ብዬሻለሁ!" በኢሞ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። "አቤት እማዬ! ደኅና ናችሁ?" አለ፤ ደስ ብሎት ነው። "ደኅና ነን። ፈንታ፣ መንገዱ እንዴት ነው?" አለችው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር የምትጠይቀው። እሱም ሁልጊዜ እንደሚመልሰው፣ "ምን ይደረግ እማዬ፣ ሩቅ ነው" አላት። "ስንት ቀን ያስኬዳል?" "ኧረ ተዪው፣ ብዙ ነው።" "እንግዳ አለችኝ ቤቴ። ትናንት ከአንተ አገር ተነሥታ ዛሬ እግሯን አጠብኩላት።"

ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ጀመር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ኧረ ዋሽታ ነው ቢለን፣ ኧረ እብድ ናት ቢለን ምን ነበረበት! "እማዬ" አለ በመጨረሻ፤ "ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ? ሱቁን ሁለቴ ዘረፉት። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ቤት ሠርተው፣ መኪና ገዝተው ሲገቡ እኔ ምን ይዤ በአባቴ ደጅ ልቁም? ሰው ምን ይለኛል?"

"ስትወለድ ምን ይዘህ ነበር የመጣኸው?" አለችው።

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "እኔ መንገዱ የያዘህ መስሎኝ ነው" አለች፤ ድምፅዋ መሰበር ጀመረ። "መንገዱን ነው ስረግም የኖርኩት። ሞያሌን ሳላያት ረገምኳት፤ ናይሮቢን ረገምኳት። ልጄ ትቶኝ ነው ብዬ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን አስቤ አላውቅም።" ስልኩን ሰጠችኝና "ዝጊው" አለችኝ። እሱ ከወዲያ "እማዬ! እማዬ!" እያለ እየተጣራ ነው የዘጋሁት። ዝናሽ በሹራቧ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፤ እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ገበቴውን አንሥቼ ውጪ ወጣሁ፤ ዝናቡ እየመታኝ ቆሜ ቀረሁ።

ዝናሽ በማግስቱ ወገዳ ገባች። እኔ አልተመለስኩም፤ እህቴን ያማታል ብዬ ፈርቼ ቆየሁ። አላመማትም። ፈንታ የሚል ስም ግን ከአፏ አልወጣም፤ ሰው ስለ ልጇ ሲጠይቃትም እነዚያን አገሮች መቁጠሩን ተወችው። በሳምንቱ፣ አርብ ዕለት፣ ገበያ ወጣን። ከክረምት በኋላ የመጀመሪያው ደኅና ገበያ ነበር፤ ሰዉ ጢም ብሏል፣ አህያው ያናፋል፣ የባጃጁ ጡሩንባ ጆሮ ይበጥሳል። እትዬ ጥሩወርቅ ምስር ታስለካ ነበር። ከንፋስ መውጫ የመጣው ሚኒባስ ቆመና ግንባሩ የተራቆተ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰውዬ ወረደ። ሻንጣ የለው፣ ቦርሳ የለው። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጨንቆት ኪሱ ይከታቸዋል፣ መልሶ ያወጣቸዋል። እኔ አላወቅሁትም።

እሷ አወቀችው። የተለካላትን ምስር መሬት ላይ ለቃው ሄደች። ሰዉ ገብቶት ኖሮ መንገድ ለቀቀላት፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ፊቱ ስትደርስ ቀኝ እጇን አነሣችና በጥፊ አጮለችው። ገበያው ቀጥ አለ። "ኧረ እትዬ! ኧረ በስመ አብ!" አሉ ሽማግሌዎቹ፤ አንዱ እጇን ሊይዝ ተነሣ። ፈንታሁን አልሸሸም፣ ጉንጩንም አልያዘም። እንባው በሽበቱ ላይ እየወረደ እንድትደርስበት ጎንበስ አለላት።

"ድገሚኝ እማዬ" አላት።